በሕመም ፈቃድ ላይ ናት

ሻሎው ቤይ፣ ባሃማስ
ሴፕቴምበር 16 ቀን 1985

ውድ ዌቭኒ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ግን ሊገድለን ነው። ደብዳቤሽ ከነእርጥበቱ ደረሰኝ። የፖስታ ጀልባዋን ማዕበል መትቷት ስለነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፖስታውን ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ሰቅሎ ሲያደርቅ ዋለ። የሰው ምስጢር እንደ ካልሲ ተንጠልጥሎ ብታዪ ትስቂ ነበር። ያንቺን እኔ ምድጃ ዳር አድርቄ አነበብኩት።

ሥራዬን ለሌላ ሰው ሰጡብኝ ወይ ብለሻል። ማን አባቱ ይሰጥብሻል? እኔ ፕሬስኮላ ሮል እዚህ ርዕሰ መምህርት ሆኜ ተቀምጬ? ውልሽ ላይ ያለው አልተለወጠም። ከውጭ አገር የመጣ መምህር ቢታመም፣ አገሩ ገብቶ ቢታከምም፣ እስከ ትምህርቱ ዓመት ማብቂያ ደሞዙ አይቋረጥም። ዋናው ቢሮ ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ አንቺ በራስሽ እጅ በየጊዜው «አለሁ፤ አልተሻለኝም» ብለሽ መጻፍ አለብሽ። ሁለተኛው የእኔ ዕዳ ነው። ጠዋት ጠዋት ስምሽን ከመምህራኑ ጋር ጠርቼ «በሕመም ፈቃድ ላይ» ብዬ መፈረም አለብኝ። ስምሽ ያልተጠራ ቀን ሥራሽን ጥለሽ እንደጠፋሽ ይቆጠራል አሉኝ። ሦስት መምህራን ብቻ ባሉበት ትምህርት ቤት! እንጠራራ ብንል እንኳ ያሳፍራል።

እኔ ደግሞ ነገሩን ጨዋታ አደረግኩት። ልጆቹ ተሰልፈው ጸሎት እንዳበቃ «መምህርት ዌቭኒ ሂንድስ!» ብዬ እጮኻለሁ። ያንቺ ክፍል ልጆች በአንድ ድምፅ «በሕመም ፈቃድ ላይ ናት!» ይላሉ። እንዴት ደስ እንደሚላቸው ብታዪ! ጎረቤታችን አክስት ድሩሲላ ከባሕር ዳር ቤቷ ሆና ትሰማናለች። አሮጊቷ ጆሮዋ ካልፈለገች በቀር ደንቁሮ አያውቅም።

የሐኪም ወረቀት እስካሁን አልደረሰኝም። ለቢሮው «ጀልባዋ ላይ ውሃ በላው» ብዬ ጻፍኩላቸው። ልጆችን አትዋሹ እያልኩ የምቆጣ ሴት ላንቺ ስል ዋሸሁ። ቶሎ ላኪልኝ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ሆዴ ውስጥ አላስቀምጠውም። ፈቃዱ እስኪፈረም ድረስ ያን ያህል ጊዜ ቁጭ ብለሽ ስትጠብቂ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ሆድሽን ይዘሽ ስታስተምሪ፣ «ታገሺ፣ ሳይፈቀድ ከሄድሽ ሥራሽ ይቀራል» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። ስትድኚ ትሰድቢኛለሽ፤ እኔም ዝም ብዬ እሰማሻለሁ።

አገርሽ ስንዴ ዱቄት እንዳይገባ መከልከሉ ደግሞ አሁንም አይገባኝም። ዳቦ የሚያሳስር አገር! ድነሽ ነይና እዚህ እስክትጠግቢ ብዪ።

ያንቺው፣
ፕሬስ


ቤርቢስ፣ ጉያና
ኦክቶበር 20 ቀን 1985

ለተከበሩ ርዕሰ መምህርት ፕሬስኮላ ሮል፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ አልተሻለኝም። ለቢሮው ይህንኑ ይንገሩልኝ።

ጽሕፈቴ ቢለወጥብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል። የሐኪሙን ወረቀት በተመለከተ፣ ሐኪሙ ወደ ጆርጅታውን ተዛውሮ ሄዷል፤ እንደተመለሰ እልካለሁ።

ስለ እኔ አይቆጩ። መጠበቁን እኔም ፈልጌው ነበር።

ልጆቹ የሚመልሱትን ደጋግሜ አነበብኩት። በእውነት በአንድ ድምፅ ነው የሚሉት? ጮክ ብለው? አንድም ቀን ሳይረሱ? እባክዎ ይህን አይተዉት። ዝናብ ቢሆንም፣ ጥቂት ልጆች ብቻ ቢመጡም፣ ስሜ ይጠራ። ሌላ የምለምንዎ የለኝም።

እናቴ ሰላም ትልዎታለች። እሷ ደህና ናት፤ ልብስ ትሰፋለች።

አክባሪዎ፣
ዌቭኒ ሂንድስ


ሻሎው ቤይ
ኖቬምበር 24 ቀን 1985

አንቺ ዌቭኒ፣

ምን ሆነሻል? ከመቼ ወዲህ ነው አንቺና እኔ «የተከበሩ» የምንባባለው? ሦስት ዓመት ሙሉ ፕሬስ፣ ሲከፋሽ ደግሞ «ይቺ አሮጊት» ስትዪኝ ከርመሽ! በሽታው ጨዋ አደረገሽ እንዴ? እንዲህ ከሆነስ በሽታው ሳይከፋ ቶሎ ይልቀቅሽ።

አዎ፣ በአንድ ድምፅ ነው። አዎ፣ ጮክ ብለው። አውሎ ነፋስ ያስፈራራን ሰሞን እንኳ አምስት ልጆች መጥተው አምስቱም ጮኸውልሻል። ደስ ይበልሽ።

አሁን የምነግርሽን ግን እንዳትስቂብኝ። ክፍልሽ የዝንጅብል ሽታ አለው። አንቺ ሆድሽን ሲነፋሽ የምታኝኪው የዚያ ዝንጅብል። ተማሪ ያመጣው ነው ብዬ ዴስኩን ሁሉ አስፈተሽኩ፤ ምንም የለም። በባሕሩ በኩል ያለው መስኮትስ? ነፋሱ ወረቀቴን ይበትንብኛል እያልሽ የምትዘጊው። ልጆቹ በሙቀት አለቁ ብዬ በገዛ እጄ ከፍቼው እወጣለሁ፤ ስመለስ ተዘግቶ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ቢሆን ነፋስ ነው እል ነበር።

እሺ ይሁን። ያቺ ፊት ለፊት የምትቀመጠዋ ኮራሊ፣ ዝምተኛዋ፣ ባለፈው ሳምንት ከሰልፍ በኋላ ቀሚሴን ጎተት አደረገችና «ወይዘሮ ሮል፣ ለምንድን ነው በሕመም ፈቃድ ላይ ናት የምንለው?» አለችኝ።

«ስለታመመች ነዋ» አልኳት።

«ስትጠሯት እኮ በበሩ ገብታ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች» አለችኝ። እንደ ቀላል ነገር! የቤት ሥራዬን ጨርሻለሁ እንደማለት።

«ዝም በይ! ሁለተኛ እንዲህ ስትዪ እንዳልሰማ!» አልኳት። ኋላ ስለ ቁጣዬ አፈርኩ። ልጅቷ ውሸት አታውቅም።

አክስት ድሩሲላ ይህን ሰማች። ማን እንደነገራት አትጠይቂኝ፤ እዚህ አሸዋውም ይናገራል። በዱላዋ እየተመራች ቢሮዬ ድረስ መጣችና «ፕሬስኮላ፣ የሞተ ሰው ስም በጠዋት አይጠራም። የተጠራ ይመጣል። እናትሽ ይህን ሳትነግርሽ ነው እንዴ ያሳደገችሽ?» አለችኝ። «ዌቭኒ በሕይወት አለች፤ ደብዳቤዋ ይኸው» ብላት ደብዳቤሽን ተቀብላ ሳታነብ አሸተተችው። አሸተተችው ስልሽ! «ጠይቂያት» ብላኝ ሄደች።

ስለዚህ እጠይቅሻለሁ፤ ለአሮጊቷ አፍ ማስያዣ እንዲሆነኝ። የሄድሽ ቀን ወደቡ ላይ፣ ጀልባዋ ገመዷን ስትፈታ፣ ምን ነበር ያልሽኝ? ከአንቺና ከእኔ በቀር የሰማ የለም። እሱን ጻፊልኝና ሁላችንም እንረፍ።

ፕሬስ


ቤርቢስ
ጃንዋሪ 12 ቀን 1986

ውድ ፕሬስ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። በደብዳቤዬ አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅርታሽን እለምናለሁ። አለሁ፤ አልተሻለኝም።

ወደቡ ላይ ያልኩሽን ትኩሳቱ አስረሳኝ። ብዙ ነገር አስረስቶኛል።

ኮራሊን ግን ለምን ተቆጣሻት? ልጅቷ ምን አደረገች? እባክሽ አባብያት፤ ጣፋጭ ነገር ስጫት። ከዚያ ቀስ ብለሽ ጠይቂያት። ምን ለብሼ ነበር? ከስቼ ነበር ወይስ ደህና ነበርኩ? ስራመድ ሆዴን እይዛለሁ? ጫማ አድርጌያለሁ? ፊቴ ምን ይመስላል፤ የተቆጣ ነው? የሆነ ነገር እላለሁ? ስወጣ በየት በኩል እወጣለሁ?

ሁሉንም ጻፊልኝ። ትንሽ ነው፣ የልጅ ወሬ ነው ብለሽ የምትተዪው ነገር አይኑር። መልስሽን በመጀመሪያው ጀልባ ላኪልኝ።

መስኮቱንም እንደተዘጋ ተዪው።

ዌቭኒ


ሻሎው ቤይ
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1986

ዌቭኒ ብዬ አልጀምርም። ማን እንደሆንሽ አላውቅምና።

ደብዳቤሽን ቆሜ አንብቤ ስጨርስ ተቀመጥኩ። ዌቭኒ ብትሆን ኖሮ «ይቺ አሮጊት፣ መንፈስ አየሁ ልትል ነው፤ የሕመም ፈቃድ የሚያስፈልገው ለእሷ ነው» ብላ በሳቅ ትገድለኝ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ምን ለብሼ ነበር ብሎ አይጠይቅም። ስወጣ በየት በኩል እወጣለሁ አይልም።

ወደቡ ላይ ያለችኝን እኔ ልንገርሽ። ጀልባዋ ላይ ሆና ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ እየሳቀች ነበር። «ፕሬስ፣ ሐኪሙን አልፈራውም። የምፈራው እናቴን ነው። ስዘገይባት አትወድም፤ በር ላይ ነው የምትቆጣኝ» አለችኝ። ይህን ሰው በትኩሳት አይረሳውም።

የጠየቅሽውን ግን ጠየቅኩልሽ። ኮራሊን የኮኮናት ከረሜላ ሰጥቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ቢጫ ቀሚስ ነው አለች። አንገቱ ላይ ነጭ ዳንቴል ያለው፣ በጀርባው በኩል በቁልፎች የሚዘጋ፣ የታችኛው ቁልፍ የሌለው። በባዶ እግሯ ናት። አልከሳችም። ሆዷን አትይዝም። ምንም አትናገርም፤ ስሟ ሲጠራ ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ ልጆቹን ታያለች። ስትወጣ አይቻት አላውቅም አለችኝ።

ዌቭኒ እዚህ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ቢጫ ለብሳ አይቻት አላውቅም። «ቢጫ ያጠቁረኛል» ትል ነበር። ታዲያ ይህን ልጅቷ ከየት አመጣችው? ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እንግዲህ አስቢው። የሞተች ጓደኛዬን ነው ጠዋት ጠዋት ከመቃብሯ ስጠራት የከረምኩት? በልጆች ፊት? እየሳቅኩ? ዓርብ ጠዋት ስሟ ጋ ስደርስ መጥራቱን አቆምኩ። ልጆቹ ጠበቁ፣ ጠበቁና እኔ ሳልጠራት «በሕመም ፈቃድ ላይ ናት!» አሉ። ኮራሊ ብቻ አፏን አልከፈተችም፤ ዞራ በሩን ታያለች።

ለደሞዙ ብለሽ ከሆነም ንገሪኝ። አልፈርድብሽም። የተቸገረ ሰው የማያደርገው የለም። በሐሰት ፈረምሽ ብለው ከሥራ ቢያባርሩኝም ዓሣ አጥምጄ እበላለሁ። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። እዚህ ሰው ሲሞትብን ተሰብስበን እንዘምርለታለን፤ ሲዘመርለት መሞቱን ይሰማል፣ መንገዱንም ይይዛል። ያልተዘመረለት ግን አያውቅም። ታምሜያለሁ ብሎ እንዳሰበ ይቀራል። ዌቭኒ ይህን ሁሉ ወር ወንበሯ ላይ የተቀመጠችው የነገራት ስለሌለ ከሆነ፣ እኔና አንቺ ትልቅ በደል ነው የሠራነው።

ማን ነሽ? ዌቭኒ የት ናት? በእግዚአብሔር ስም እውነቱን ጻፊልኝ።

ፕሬስኮላ ሮል


ቤርቢስ
ማርች 20 ቀን 1986

ልጄ ፕሬስኮላ፣

ልጄ ያልኩሽ እሷ ስለምትወድሽ ነው፤ ይቅር በይኝ። እኔ ኡና ሂንድስ ነኝ፤ የዌቭኒ እናት።

ልጄ ኦገስት ላይ አርፋለች። ትምህርት ቤታችሁ ገና ሳይከፈት።

ያንን የመጀመሪያውን ደብዳቤ፣ ሥራዬን ሰጡብኝ ወይ የሚለውን፣ የጻፈችው ራሷ ናት። በገዛ እጇ። ቴምብሩን ልሳ የለጠፈችው እሷ ናት። ፖስታ ቤት ይዤው የሄድኩት ግን ከቀብሯ በኋላ ነው። ምላሷ የነካውን ቴምብር እንዴት ልቅደደው? መልስ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

መልስሽ መጣ። ከፈትኩት። «መምህርት ዌቭኒ ሂንድስ!» ይላል። «በሕመም ፈቃድ ላይ ናት!» ይላል። እዚህ በሄድኩበት ሁሉ ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ነው። ገበያ ስወጣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉልኛል። እናንተ ጋ ግን ልጄ ታማ ነበር፤ አልሞተችም ነበር። ሕፃናት ጮኸው ይመሰክሩላት ነበር። በዓለም ላይ እንዲህ የሚባልበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም። እስክርቢቶ አንስቼ «አለሁ፤ አልተሻለኝም» ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው ውሸት አልመሰለኝም። ስለ ራሴም እውነት ነበር።

ደሞዙ ባንክ ተቀምጧል፤ አልነካሁትም። ለቢሮው እመልሳለሁ። አንቺ እንዳትጠየቂ እኔው ጽፌ አሳውቃቸዋለሁ። አሮጊቷ ትታሰራለች ብለሽ አትስጊ። ለእኔ እሥር ቤትም ቤቴም አንድ ነው።

አሁን ስለ ቀሚሱ።

ቢጫው ቀሚስ የእኔ ሥራ ነው። ሬሳዋ ቤት ውስጥ እያለ ነው የሰፋሁት። ቢጫ ያጠቁረኛል ስትል እኔ ሁልጊዜ «ማን አለሽ፤ ያበራልሻል» እላት ነበር፤ በሕይወቷ እሺ አላለችኝም። ዳንቴሉን ከራሴ የሠርግ ልብስ ፈትቼ ነው ያደረግኩላት። የታችኛውን ቁልፍ ሳልተክል ሊወስዷት መጡ። ከጀርባ ነው፣ ተኝታ ነው፣ ማን ያያል ብዬ አለበስኳት። ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ቀረ። ለካህኑም ለእህቴም አልተናገርኩም። ኮራሊ ልጄን ካላየች በቀር ይህን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

ደብዳቤሽን ያነበብኩ ቀን በደስታ አለቀስኩ። አልከሳችም ብለሻል። ሆዷን አትይዝም ብለሻል። ይህን ነበር ለማወቅ የፈለግኩት። ከዚያ ግን፣ ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ቀናሁ። በልጆቻችሁ ቀናሁ።

እኔ ከቀብሯ ጀምሮ ፀሐይ ስትጠልቅ በር ላይ ቆሜ እጠራታለሁ። እኛም አገር የሞተ አይጠራም ይላሉ። ጎረቤቶቼ ይቆጡኛል፤ በሩን ወደ ኋላሽ እየሄድሽ ግቢ፣ ተከትላሽ እንዳትገባ ይሉኛል። እኔ የምፈልገው እንድትገባ ነው! ፊቴን ወደ ቤት አዙሬ፣ በሩን ክፍት ትቼ ነው የምገባው። አልመጣችም። በሕልሜ እንኳ አልመጣችም። ተቀይማኛለች ብዬ ደመደምኩ። የምትቀየምበት አላት። ያን ፈቃድ ስትጠብቅ ዘግይታ፣ ከስታ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች በመጣች ቀን አላቀፍኳትም። «ይህን ሁሉ ጊዜ የት ቆየሽ! ገንዘብ ከነፍስሽ በለጠብሽ?» ብዬ በር ላይ ጮኽኩባት። እሷ ሳቀችና «ለፕሬስ ነግሬያት ነበር» አለች። ምን እንደነገረችሽ እስከ ዛሬ አላወቅኩም ነበር።

ለካ እናንተ ጋ ነበረች። እኔ በማታ ስጠራት እናንተ በጠዋት እየጠራችኋት። ከልጅነቷም ሥራዋን ትታ የምትመጣ ልጅ አልነበረችም።

ፕሬስኮላዬ፣ ዘምሩላት። ንገሯት። ከእንግዲህም እዚያ አትጥሯት። ወይም አንዴ ብቻ ጥሪያትና ወደ እኔ ላኪልኝ። በሩ ክፍት ነው።

ኡና


ሻሎው ቤይ
ኤፕሪል 21 ቀን 1986

እማዬ ኡና፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ አልልም፤ ሰልችቶሻል። እኔም ገና አልጸናሁም።

ቅዳሜ ዘመርንላት። ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ታማሪንድ ዛፉ ሥር፣ መላው ሰፈር ወጥቶ። ዓሣ አጥማጆቹ እንኳ መረባቸውን ጥለው መጡ። አክስት ድሩሲላ ናት ያስጀመረችን፤ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅዋ መዝሙሩን ስታነሳው ሰው ሁሉ እንባውን አላገደም። እኔ የስንዴ ዳቦ ጋግሬ አበላሁ፤ ዌቭኒ ለአገሯ ሰው ትመኘው የነበረውን ያህል። «ዌቭኒ፣ ሞተሻል እኮ» ብዬ ጮክ ብዬ ነገርኳት። ሰው ፊት አፈርኩ ብል ውሸት ነው።

ዛሬ ጠዋት ልጆቹን አሰለፍኩ። አሮጊቷ ለስንብት አንዴ ይጠራል፣ መንገድ ተነግሮት ይሸኛል ብላ ፈቅዳልኛለች፤ ራሷም ዱላዋን ተደግፋ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «መምህርት ዌቭኒ ሂንድስ!» ብዬ ጠራሁ። «እናትሽ በር ላይ ቆማለች፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አልኳት።

ልጆቹ ምን እንደሚሉ ጠፋቸው። ለካ ለዚህ መልስ አላስተማርኳቸውም። ኮራሊ ብቻዋን ዓይኗን ከበሩ ወደ ባሕሩ ቀስ እያለች አዞረች፤ አንድን ሰው በዓይን እንደሚሸኙት። ከዚያ፣ ያቺ ዝምተኛ ልጅ፣ በሙሉ ድምፅዋ «እናቷ ጋ ሄዳለች!» አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት።

ክፍሏ ገባሁ። የዝንጅብሉ ሽታ የለም። መስኮቱን ከፈትኩት፤ እስካሁን ክፍት ነው። ነፋሱ ወረቀቱን ሁሉ በተነው፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ለቀምኩት።

እማዬ፣ የቀሚሷን ቁልፍ በእጅሽ ያዢው፤ ስትደርስ ትተክይላታለሽ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ባሕርም አለበት፤ እሷ ደግሞ በባዶ እግሯ ናት። ብትዘገይ አትቆጪያት። ያኔም ያስዘገየናት እኛ ነን።

ፕሬስ